ሁለት ክኒን ለሁለት ጉልበት

ታላላቅ ግኝቶች ታላላቅ ጉልበቶችን ይጠይቃሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ሁለቱም ጉልበታቸው ያበጠ ዕለት «ለአፍ ዳገት የለውም» የሚለው ብሂል ጉልበትን እንደማይጨምር ተረዱ። የመሥሪያ ቤቱን ነርስ አስጠሩ።

«ይኼ አይቡፕሮፌን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው። ምግብ ከበሉ በኋላ አንድ ይውሰዱ» አለቻቸው።

«አንድ? ጉልበቴ እኮ ሁለት ነው።»

«ክኒኑ ጉልበት አይቆጥርም፣ ጌታዬ። ደም ውስጥ ይገባና ደም በሄደበት ሁሉ ይሄዳል።»

«ያለ አድራሻ?»

«ያለ አድራሻ። ሰውነት ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል፤ እብጠቱንም ሕመሙንም የሚያመጣው እሱ ነው። ክኒኑ ምርቱን ይቀንሳል። ግን ያው ንጥረ ነገር ጨጓራንም ከገዛ አሲዱ ይጠብቃል። ክኒን ካበዙ ጨጓራዎ ጠባቂ ያጣል።»

ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት አዳመጧት። በእሳቸው መሥሪያ ቤት ያለ አድራሻ የሚሄደው ደብዳቤ ብቻ ስለነበር ግን አላመኗትም።

በማግሥቱ መመሪያ ወጣ፦ «እግሩን የታመመ ሠራተኛ ክኒኑን ቆሞ ይውሰድ። ራሱን የታመመ እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይውሰድ። ሁለት ቦታ ያመመው ሁለት ይዋጥ።» ምክትላቸው ምንም ባያማቸውም፣ ለመመሪያው ካላቸው ክብር የተነሳ ቀኑን ሙሉ እግራቸውን መስኮቱ ላይ ሰቅለው ዋሉ። ባለጉዳዮችም ጉዳያቸውን ለምክትሉ ጫማ አስረዱ።

ሥራ አስኪያጁ በባዶ ሆድ ሁለት ሁለት እየዋጡ፣ ቶሎ እንዲወርድላቸው ኮሪደሩ ላይ እየነጠሩ ሰነበቱ። ጉልበታቸውም እውነት ለመናገር ለቀቅ አላቸው። በስድስተኛው ቀን ግን ሆዳቸው እንደ ፍም ነደደ።

«ሲስተር፣ ለሆዴም አንድ ጨምሪልኝ።»

«ሆድዎን ያቃጠለው እኮ እሱ ነው።»

«ወደ ጉልበት የላክሁት ክኒን ሆዴ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉ። ከዚያ ላብ አጠመቃቸው፤ ድምፃቸውም ወረደ። «እሞታለሁ እንዴ?»

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት ከሄድን አይሞቱም» አለችና ደግፋ፣ ሦስቱንም ፎቅ ደረጃ በደረጃ አወረደቻቸው።

ሐኪሙ ጨጓራቸው መቁሰሉን ነገራቸው፤ ነርሷ ያለችውንም ቃል በቃል ደገመላቸው። ከእሱ አፍ ሲወጣ ሳይንስ ሆነ።

አገግመው ሲመለሱ ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ተጠራ። «ባካሄድሁት ጥልቅ ጥናት» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ «ክኒን አድራሻ እንደሌለው ደርሼበታለሁ።» ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። ምክትላቸው ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ፤ በዚህኛውም ሐሳብ ድሮም እንደሚያምኑበት አጠገባቸው ለተቀመጠው ሠራተኛ ነገሩት።

በመጨረሻ የምስክር ወረቀት ታደለ። ነርሷም ተራዋ ደርሶ ከሥራ አስኪያጁ እጅ ተቀበለች፦ «ስለ ክኒን አሠራር የተሰጠውን መሠረታዊ ሥልጠና ስለተከታተለች።»

እጇን እየጨበጡ ጎንበስ አሉላት።

«ያልገባሽ ነገር ካለ» አሉ በአባትነት፣ «ቢሮዬ ክፍት ነው።»