በሰቆጣ መገላገል የተከለከለበት ቀን

ሰቆጣ ከሥልጣኔ ጋር ተጣልታ አታውቅም። መንገድ ላይ ሲዘገይባት እንኳ ታግሣ ትጠብቀዋለች። ስለዚህም አገር ላገር እየዞሩ የቻይናን ጥንታዊ ኩንግ ፉ የሚያስተምሩት መምህር ጓን በመጡ ጊዜ፣ የከተማው ባህልና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ምንዋጋው ሜዳ አስጠርገው፣ መድረክ አሠርተው ተቀበሏቸው። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ከትርኢቱ በኋላ ሠልጣኝ ከተገኘ ማሠልጠኛ ይከፈታል፣ ማሠልጠኛ ከተከፈተ ደግሞ አንድ ኃላፊ ለልምድ ልውውጥ ቤጂንግ ይሄዳል። አቶ ምንዋጋው ለሕዝብ ጥቅም ሲሉ ሻንጣውን አስቀድመው ገዝተውታል።

መምህሩ ከደቀ መዝሙራቸው ፊት ለፊት ቆመው እግራቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሡ፣ ከጎረቤት ወረዳ ከጋዝጊብላ ለገበያ የመጣው ሰው ሳይቀር ግልብጥ ብሎ መድረኩ ላይ ወጣ። ግማሹ መምህሩን፣ ግማሹ ደቀ መዝሙሩን ወገቡን አቅፎ ያዘ። የስንቱን ቂም ያበረዱት አባ አሥራተ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ።

“ተዉ ልጆቼ፣ ስለ ማርያም። ምን አጣላችሁ?”

“አልተጣሉም አባ፤ ጥበብ ነው” አለች አስተርጓሚዋ ትግስት።

“ሳይጣሉ ነው የሚማቱት? እንግዲያማ ይብሳል።”

እዚያው አስቀምጠው አስታረቋቸው። ደቀ መዝሙሩ ድንጋይ ተሸክሞ የመምህሩን ጉልበት ሳመ፤ ምን እንዳጠፋ ግን እስካሁን የነገረው የለም።

አቶ ምንዋጋው ቤጂንግ ስትርቅ ታየቻቸውና ማይክራፎኑን ነጠቁ።

“የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ኋላ ቀር የገላጋይነት አስተሳሰብ ለዕድገታችን ማነቆ ሆኗል። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ ከዛሬ ጀምሮ መድረክ ላይ ሰው ሲማታ ይጨበጨባል እንጂ መገላገል ክልክል ነው።”

ሕዝቡ ጨዋ ነውና ተቀመጠ። መምህሩ ዘለሉ፣ ተሽከረከሩ፤ ወጣቱም ለመመዝገብ ተሰለፈ። አቶ ምንዋጋው ደስታው ቢበዛባቸው ገና ከአሁኑ ሕዝቡን ለጉዞ ይሰናበቱ ጀመር።

“ማን ነው የሚሄደው?” አሉ ምክትላቸው አቶ መንግሥቴ ከኋላ።

“እኔ ነኛ።”

“እኔም ሻንጣ ገዝቻለሁ።”

ውይይቱ ከዚህ በኋላ በእጅ ቀጠለ። ምክትሉ ኃላፊውን በክራቫታቸው ጎትተው ጣሏቸውና ደረታቸው ላይ ተቀመጡ።

“የገላጋይ ያለህ!” አሉ አቶ ምንዋጋው ከሥር።

አንድ ገበሬ ሊነሣ ሲል አባ አሥራተ ማርያም ጋቢውን ያዙት።

“ተቀመጥ ልጄ፤ ክልክል ነው ተብሏል” አሉትና ማጨብጨብ ጀመሩ። “እንዴት ያለ ጥበብ ነው፤ ልክ የምር የተጣሉ እኮ ነው የሚመስሉ።”