የጉራች ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ አራተኛ መደበኛ፣ በኋላም ተንቀሳቃሽ፣ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቀራንዮ፣ ወ/ሮ ዋጋነሽ ግቢ በር ላይ፣ ከፈረስ ማጓጓዣው ተጎታች ኋላ
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡10 ተጀመረ

የተገኙ፦
ሻምበል መኳንንት ወልደጊዮርጊስ (ጡረተኛ)፣ ሰብሳቢ
መምህር ቃለጽድቅ፣ ምክትል ሰብሳቢ
አቶ ባጫ፣ አባል፣ ተጎታቹን የበየዱት
ወ/ሮ ዋጋነሽ፣ አባል፣ የፈረሱ ባለቤት
ናዝራዊት፣ ጸሐፊ (ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ ሳትጠየቅ የተመረጠች)
በታዛቢነት፦ ጉራች፣ ወጣት ፈረስ፣ ድምፅ የማይሰጥ
ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ካሳነሽ፣ ለቅሶ ስላለባቸው በፈቃድ

ሹፌሩ ማሙሽ ተጎታቹን በሚስበው ፒካፕ ውስጥ ተኝቷል። ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። መምህር ቃለጽድቅ ታዛቢው በሰዓቱ የተገኘ ብቸኛ ተሰብሳቢ መሆኑ እንዲመዘገብ ጠይቀው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 1፦ የጉዳዩ አጣዳፊነት

ሰብሳቢው እንዳስታወሱት፣ ወ/ሮ ዋጋነሽ ጉራችን እናቱ ስትሞትበት በጡጦ አሳድገውታል። ግቢው ሰኞ ለግንባታ ይፈርሳል። ፈረሱ እስከ ነገ ሆለታ ወንድማቸው ዘንድ ካልደረሰ አሸዋ ለሚያመላልስ ባለጋሪ ይሰጣል። ባለጋሪው ትናንት መጥቶ የጉራችን ጀርባ በስንዝር ለክቶ ሄዷል። ወ/ሮ ዋጋነሽ ይህን ሲሰሙ አልቅሰዋል። ጸሐፊዋም አልቅሳለች፤ አታፍርበትም።

አቶ ባጫ በእግሩ ቢሄድስ ሲሉ ጠየቁ። ጉራች ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች አካባቢ አይሱዙ አይቶ ፋርማሲ ውስጥ መግባቱ ተወስቶ ጥያቄው ተዘጋ። መምህር ቃለጽድቅ ፋርማሲ የገባ ፈረስ ተጎታች አልገባም የሚልበት ምክንያት ሊገባቸው እንዳልቻለ ገለጹ። ይህም ወደሚቀጥለው አጀንዳ መራ።

አጀንዳ 2፦ ጉራች ለምን አይገባም?

ላለፉት ሁለት ሳምንታት ወለሉ ኮቴ እንዳያስጮህ አሮጌ ጎማ ተነጥፎበታል፣ ብርሃን እንዲገባ መስኮት ተከፍቷል፣ የፈረሱ እግር እንዳይላጥ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ውስጥ ድርቆሽ ተንጠልጥሏል። ጉራች መወጣጫው ድረስ በደስታ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

አቶ ባጫ ጥፋቱ የብየዳው እንዳልሆነ ማንም ሳይከሳቸው ሦስት ጊዜ አስረዱ። ሰብሳቢው የዲሲፕሊን ጉድለት ነው አሉ።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ የመናገር ዕድል ለምና፣ ፈረሱ አይቶ እንዲደፍር ሽማግሌዎች ቀድመው እንዲገቡ በሁለተኛው ስብሰባ መወሰኑን አስታወሰች። በየቀኑ ሻምበል መወጣጫው ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ መምህር ይቅደሙ ይላሉ። መምህሩም እንዲሁ ወደ ኋላ ብለው፣ ኧረ በመድኃኔዓለም ሻምበል ይቅደሙ ይላሉ። ይህ እስኪመሽ ይቀጥላል። ፈረሱ ቆሞ ያያል። ጸሐፊዋ እንደምታምነው ጉራች አልፈራም፤ ያሳዩትን ተምሯል።

ወ/ሮ ዋጋነሽ ልጄን በይሉኝታ ጨረሳችሁት ብለዋል።

አጀንዳ 3፦ ማን ይቅደም?

ማንም ማንንም ሳይጋብዝ እንዲገባ ሐሳብ ቀረበ። ማን ይጀምር ሲባል፣ መምህሩ ሻምበል በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ሻምበል ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ ፊደል ያስቆጠሩት መምህር እያሉ እኔ አልቀድምም አሉ። አቶ ባጫ ሁለቱም ይገፍተሩ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከጸሐፊዋ በቀር ደጋፊ አላገኘም።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦
3.1 ሁሉም አባላት በአንድ ጊዜ እንዲገቡ፤
3.2 ፈረሱ ወደ ኋላ የማለት ልማዱን እንዲተው፤
3.3 ለደህንነት ሲባል ማንም ሰው ከፈረስ ጋር በተጎታች እንዳይጓዝ፤
3.4 ጉዞው ነገ ማለዳ እንዲሆን።

ውሳኔ 3.1 ወዲያው ተፈጸመ። አምስታችንም ተጋፍተን ገባን። ሰብሳቢው ወርደን በሥርዓት እንድገመው አሉ። ሆኖም መውረጃው ላይ ሻምበል ይቅደሙ፣ ኧረ መምህር ይቅደሙ ስለተጀመረ ስብሰባው እዚያው ውስጥ ቀጠለ።

ሁሉም እርስ በርስ ሲጋበዝ ታዛቢውን የጋበዘ አልነበረም። ጉራች ደጅ ብቻውን ቀርቶ ጥቂት ተመለከተን፤ ወ/ሮ ዋጋነሽም ውስጥ ናቸው። ማንንም ሳይጋብዝ ቀጥ ብሎ ገባና ድርቆሹን መብላት ጀመረ።

ወ/ሮ ዋጋነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት ቃል በቃል እንዲመዘገብ ስላዘዙ፦ «አንድ ሰው ይወርድና እዚሁ እንተያያለን!»

መምህር ቃለጽድቅ ውሳኔ 3.3ን ጠቅሰው ተቃውሞ ለማሰማት ሲሞክሩ፣ ወ/ሮ ዋጋነሽ መምህር አፍዎን ይያዙልኝ ብለዋል። ማሙሽ ነቅቶ መጥቶ፣ «ፋዘር፣ ልዝጋው ወይስ ሌላ አጀንዳ አለ?» ሲል ሰብሳቢውን ጠየቀ። ሰብሳቢው ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ታይቶ በማያውቅ ፍጥነት ዝጋው አሉ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

(ከቡራዩ እስከ መናገሻ ያለው ጽሑፍ የማይነበበው በመንገዱ ምክንያት ነው።)

ወ/ሮ ካሳነሽ ከለቅሶው ቤት ደውለው ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ አለመድረሱ ነውር ነው አሉ። ሰብሳቢው መንገድ ላይ ነን ብለው መለሱ። ፈረሱ የመምህሩን ባርኔጣ ግማሽ በልቷል፤ መምህሩ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ብለዋል።

ሆለታ 12፡15 ደረስን። ማሙሽ በሩን ከፈተ። ጉራች በሩ ጋ ቆሟል፣ ወ/ሮ ዋጋነሽ አጠገቡ። የወንድማቸው ግቢ ሰፊ ነው፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ወ/ሮ ዋጋነሽ አንገቱን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ «በል ልጄ፣ ቅደም» አሉት።

ጉራች አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ መምህሩን ከብረቱ ጋር አጣበቀና እናቱ እስኪወርዱ ጠበቀ።

ሻምበል መኳንንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ ባጫ የብየዳ ጭስ ዓይናቸውን እንደሚያስለቅሳቸው ገለጹ፤ የሚበየድ ነገር አልነበረም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ኮሚቴው ዛሬ የወሰነው ሁሉ፣ 3.1 ዳግም እንዳይሞከር፣ 3.3 እና 3.4 ስለተጣሱ፣ 3.2 ደግሞ ነውር ሆኖ ስለተገኘ፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል።

ጉባኤው 12፡40 ተዘጋ። ፈረሱ ወርዶ ሣር እየጋጠ ነው። ሻምበልና መምህር እስካሁን አልወረዱም።

ናዝራዊት፣ ጸሐፊ (ከመሬት ሆኜ የፈረምኩ)