ትንሽ እንጨምርበት

በየሰፈሩ «ይበቃል» የሚባል ቃል ያልደረሰው አንድ ሰው አይጠፋም። ጎጆ ሲከደን «አንድ እስር ሣር ይጨመር»፣ ወጥ ሲወጣ «አንድ ቁንጥር ጨው» የሚለው እሱ ነው። ወረታ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ሲስተር ደብረወርቅ ናቸው፤ ከደሴ መጥተው በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት ጡረታ የወጡ፣ የእግሮች ሁሉ ጠቅላይ አዛዥ።

ገበሬው አያ መንግሥቴ በሲስተር እጅ የገቡት ባለፈው ክረምት ነው። ቁሐር ሚካኤል ካለው የሩዝ ማሳቸው ሲመለሱ፣ ውሃ እንዲይዝ በተከመረው ቀጭን የጭቃ ድንበር ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። የተሰበረው ዳሌያቸው ዳነ፤ እግራቸው ግን መሬትን ማመን ተወ። ልጃቸው ማስተዋል ወረታ ቤቷ አምጥታ አስቀመጠቻቸውና ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ለከርሞ ያንን ድንበር ብቻዎን ካልሄዱበት መሬቱን ለእኩል አራሽ እሰጠዋለሁ።»

አያ መንግሥቴ የሩዛቸውን ወሬ ከሰው አፍ ከመስማት ሞትን ይመርጡ ነበር። ጎረቤታቸው ሲስተር ይህን ሰሙና በማግስቱ ማለዳ በር አንኳኩ።

መጀመሪያ ግድግዳ ይዞ፣ እግር ገጥሞ መቆም ነበር። «ይሄማ የሕፃን ጨዋታ ነው!» ብለው አያ መንግሥቴ ሳቁ። ይህን ማለት አልነበረባቸውም።

«ጥሩ ነው፤ ትንሽ እንጨምርበት» አሉ ሲስተር፤ ግድግዳውን ከለከሏቸው። ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም መጣ፤ ከዚያ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ መሄድ። እሱም ሲሰምር የሩዝ ገለባ የተሞላ ጆንያ ቀረበና «እላዩ ላይ ይቁሙ» ተባሉ።

«ሚካኤልን! ሰርከስ ልታስቀጥሪኝ ነው?»

ሲስተር ከጎናቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ ግን ሳይነኩ፣ «ጥሩ ነው፤ አሁን ደግሞ ዓይን ይጨፈን» ይላሉ። ዓይን መጨፈኑ ሲለመድ ወሬ ተጨመረ።

«ያረሱባቸውን በሬዎች ስም ይጥሩልኝ!»

«ዳልቻ… ቦራ… ቡሬ…»

ቡሬ ላይ ሁልጊዜ ይንገዳገዳሉ። በእጃቸው ያሳደጉት፣ የሞተባቸው በሬ ነው። ሲስተርም «ቡሬን እንደገና» ይላሉ።

የሰፈሩ ሰው አጥር ተደግፎ ሲስቅ ከረመ። ኋላ ግን ባለሱቋ እናኑ ራሷ በአንድ እግሯ ቆማ ስኳር ስትመዝን ተያዘች።

ዓመት ዞሮ ክረምት ገባ። አባት፣ ልጅና ሲስተር ሦስቱም ማሳው ዳር ደረሱ። አያ መንግሥቴ ጫማቸውን አወለቁ፤ ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ድንበሩ ላይ ወጡ። መሃል ሲደርሱ ጭቃው ከዳቸውና አንድ እግራቸው አየር ላይ ቀረ። ማስተዋል ጮኸች።

«ቡሬ!» አሉ አያ መንግሥቴ ጮክ ብለው። ቀጥ አሉ። እስከ ጫፍ ሄደውም ተመለሱ።

ማስተዋል ዱላውን ጥላ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሲስተር ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ማንም ከአፋቸው ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ተናገሩ። «በቃ። ከእንግዲህ እኔን አይፈልጉም።»

በማግስቱ ማለዳ በር የሚያንኳኳ ጠፋ። አያ መንግሥቴ ቁርሳቸውን ትተው ደጅ ደጁን እያዩ ጠበቁ። ለካ ያ ሁሉ ምሬት ወዳጅነት ኖሯል። ጆንያውን ተሸክመው ሄዱና የሲስተርን በር ደበደቡ።

«ምነው አያ መንግሥቴ፣ ወደቁ እንዴ?»

«ኧረ አልወደቅሁም! ማን በቃ አለሽ?» ብለው ጆንያውን ደጃፉ ላይ ዘረጉት። «ትንሽ እንጨምርበት።»