«ኧረ ይቅርብኝ»

(የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ የሠራተኞች መልበሻ ክፍል። አማትና ምራት በሰው አገር አብረው እዚህ ይሠራሉ፤ አማት ሰባት ዓመት ሆኗታል፣ ምራት ገና ዓመት አልሞላትም።)

አማት፦ «ይቅርብኝ» አልሽ? በገዛ አፍሽ?

ምራት፦ አዎ፣ እማማ። አለቃችን «የፈረቃ ኃላፊ ሁኚ» ስትለኝ፣ «ኧረ ይቅርብኝ፣ እኔ ምን አውቄ» አልኳት።

አማት፦ አሁን አንቺን ማን ሰው ብሎ ባሕር አሻገረሽ?

ምራት፦ ታዲያ ገና ስትጠራኝ ዘልዬ እሺ ልበል? ለሹመት ስታሰፈስፍ የኖረች ነው የምትለኝ።

አማት፦ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብላ የምታጎርስሽ መሰለሽ? እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠየቀው። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው።

ምራት፦ ቆይ እማማ፣ አልጨረስኩም እኮ። ከዚያ…

አማት፦ ከዚያማ አለቀ። ቀን ቀን ብቻ እየሠራሽ ልጅሽን ከትምህርት ቤት የምትቀበይበትን ሥራ፣ እጅሽ ከገባ በኋላ በአፍሽ አባረርሽው።

ምራት፦ እኔስ ለልጄ ስል አይደል የጓጓሁት።

አማት፦ ጓጉተሽ እምቢ! ለመሆኑ ዓይኗን አየሻት?

ምራት፦ አለቃዬን? እንዴት አፍጥጬ አያታለሁ፤ መሬት መሬት ነው ያየሁት።

አማት፦ ይቺ የሆነ ነገር ሰርቃለች ነው የምትለው። (ትነሳለች) በይ ተነሺ። አሁኑኑ ሂጂና ዓይን ዓይኗን እያየሽ «እፈልጋለሁ» በያት።

ምራት፦ ብያታለሁ እኮ።

አማት፦ መቼ?

ምራት፦ ለሦስተኛ ጊዜ ስትለምነኝ።

አማት፦ (መልሳ ትቀመጣለች) ማን ነው የለመነሽ?

ምራት፦ እሷ ናታ። ሳቀችና፣ «እናንተን ሦስት ጊዜ ካልጠየቅኳችሁ እሺ እንደማትሉ አውቄያለሁ» አለችኝ።

አማት፦ ይሄን ደግሞ ከየት ሰማችው?

ምራት፦ ከእርስዎ ነዋ። ኬክ ስትሰጥዎት እምቢ ይላሉ አሉ፤ እጅዎ ላይ ስታስቀምጥልዎት ግን ፍርፋሪውም አይተርፍም።

አማት፦ ለጨዋነት ብዬ ነዋ።

ምራት፦ እሷም እሱን ነው ያለችው። ይሄን ኃላፊነትም መጀመሪያ እርስዎን ነበር የጠየቀችው አሉ። «አልችልም» ሲሏት እውነትዎን መስሏት ለሌላ ሰጠችው። ነገሩ የገባት ኋላ፣ በኬኩ ነው።

(አማት ሽርጧን ከመስቀያው ታወርዳለች።)

ምራት፦ እውነት ነው፣ እማማ?

አማት፦ ስድስት ዓመት ሆነው።

ምራት፦ ታዲያ በማግስቱ ሄደው «እፈልጋለሁ» አይሏትም ነበር?

አማት፦ (ሽርጧን እያሰረች፣ ቀስ ብላ) ደግማ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅኳት ነዋ።