ሾፌር በእግሩ አይሄድም

ጡረታ የወጣ ሾፌር የሌለበት ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። ኮልፌ ደግሞ የሾፌሮች ቁንጮ፣ የአየር ጤና መስመር ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር ጋሽ ፀሐዬ አሏት። ከበረንዳቸው ሆነው የማያርሙት አነዳድ የለም። "ቁረጠው! መሪውን ቁረጠው እንጂ! ወይ ጉድ፣ መንጃ ፈቃድ በኪሎ ይሸጣል እንዴ?"

ስኳር ይዟቸው ቁልፍ ካስረከቡ ወዲህ ግን ከግቢ አይወጡም። ሐኪሙ "በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ" ቢላቸው ተቆጡ። "ሾፌር በእግሩ አይሄድም!" ልጃቸው ርሆቦት ለመነች፣ አስለመነች፤ ወይ ፍንክች! እግራቸው መደንዘዝ ሲጀምር እሷ እንቅልፍ አጣች።

ታዲያ ለርሆቦት ልጅ ለሉሲ ልደት በሪሞት የምትነዳ ቀይ መኪና ተገዛች። አያት ወንበራቸውን አደላድለው "አምጧት፣ ልፈትሻት" አሉ። መኪናዋ ስትሄድ ታዛዥ ናት። ዞራ ወደሳቸው ስትመለስ ግን ግራ ሲሏት ቀኝ፣ ቀኝ ሲሏት ግራ! የርሆቦትን የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ገጨችው።

"መሪዋ አብዷል" ብለው ፈረዱ። ባትሪ ቀየሩ። የፊት ጎማዋ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር ነቀሉ። በካቻቢቴ ፈትተው ገጠሟት፤ ሁለት ብሎን ተረፈ። "ፋብሪካ ሲባል ማብዛት ይወዳል" አሉ። ባልዲው ግን መገጨቱ አልቀረለትም። "ይቺ መኪና ስትሄድ ጨዋ፣ ስትመለስ ሰካራም ናት!"

ርሆቦት ልብስ እያጠበች ስታያቸው ነገሩ ገባት። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የነዱት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣባቸውን መኪና ነድተው አያውቁም። መኪናዋ ፊቷን ስታዞር የሷ ቀኝ ለሳቸው ግራ ይሆናል። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ እግራቸውን አየችና ሐሳቧን ቀየረች።

"አባዬ፣ ሁሌ ከኋላዋ ከሆንክ አታስቸግርህም።"

"ከኋላዋ? እንዴት አድርጌ?"

"ሾፌር መኪናውን ብቻዋን ይለቃታል እንዴ?"

ጋሽ ፀሐዬ ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሱ። መኪናዋ በሩን አለፈች፣ ተከተሏት። መሪዋ ቀጥ! ባለሱቁ ሽኩር ብቅ ብሎ "ጋሼ! በእግር?" ቢላቸው ቀና እንኳ አላሉም።

"እየነዳሁ ነው፤ ሾፌር አይናገርም!"

ርሆቦት ራቅ ብላ ትከተላለች፤ ደስታው አላስችል ብሏት ታለቅሳለች። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ የመኪናዋ ባትሪ አለቀ። ደክሟቸው እንደሁ ብላ ተጠጋቻቸው።

"አባዬ፣ ለመመለሻው ታክሲ ልያዝልህ?"

ጋሽ ፀሐዬ ቀይዋን መኪና ከመሬት አንስተው አቀፏትና ልጃቸውን በመገረም አዩዋት።

"መኪና እያለኝ ታክሲ? ሰው ምን ይለኛል!" አሉና በእግራቸው ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።