የወይን ቀማሹ ፈተና

[አዲስ አበባ፣ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የዘቢደር ቤት። ጠዋት ነው። ታናሽ ወንድሟ ሕሩይ የሦስት ቀን የወይን ስልጠና ወስዶ፣ እንጦጦ ላይ የተከፈተ ሎጅ ለወይን አስተናጋጅነት በአራት ሰዓት ሊፈትነው ቀጥሮታል።]

ሕሩይ፦ ሜርሎት አይባልም አልኩሽ! ሜርሎ! የመጨረሻዋ ፊደል አትነበብም።

ዘቢደር፦ ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለች?

ሕሩይ፦ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ዘቢደር፦ እንዳንተ በላ።

ሕሩይ፦ [እንዳልሰማ] አሁን ደግሞ ካበርኔ ሶቪኞን። በአፍንጫሽ!

ዘቢደር፦ ካበርኔ... ኧረ ጉንፋን ሳይዘኝ አልችለውም።

ሕሩይ፦ ምን አለፋኝ! ዛሬ ይህን ሥራ ካላገኘሁ ግን አለቀልኝ። ሶፋሽ ላይ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ዘቢደር፦ ሶፋውም በቅቶታል።

ሕሩይ፦ [ፍሪጅ ከፍቶ ጠርሙስ ያወጣል፤ የተለጠፈበትን ያነባል] ሶቪኞን ብላን! ነጭ ወይን ደብቀሽኛል? በይ ልለማመድበት።

ዘቢደር፦ ሕሩይ፣ እሱ እኮ...

ሕሩይ፦ ዝም! ባለሙያ ሲቀምስ አይወራም። [ብርጭቆ ውስጥ ቀድቶ ያዞረዋል፤ ያሸታል] እምም... ድንጋይ ድንጋይ ይላል።

ዘቢደር፦ ከድንጋይ ሥር ነዋ የሚመጣው።

ሕሩይ፦ ጎሽ፣ ገባሽ! ባህር ዛፍም አለበት። ከፍታ ቦታ ነው።

ዘቢደር፦ ዳገቱ ጉልበቴን ጨርሶታል።

ሕሩይ፦ ስለ ጉልበትሽ ማን ጠየቀ? [ተጎንጭቶ ይጉመጠመጣል፤ ማጠቢያው ላይ ይተፋል]

ዘቢደር፦ [ጮኻ] በስመአብ! ኧረ አትትፋው!

ሕሩይ፦ ይተፋል! ሕጉ ነው። የሚውጠው ሰካራም ነው። [ደግሞ ይጎነጫል፣ ይተፋል] ስኳር የሚባል የለበትም። ቢያንስ አምስት ዓመት የቆየ ነው።

ዘቢደር፦ ትናንት ነው የመጣው።

ሕሩይ፦ ከፈረንሳይ የመጣበትን አይደለም፣ የተጨመቀበትን ነው የምልሽ!

ዘቢደር፦ [ራሷን ይዛ] አንተ ባለሙያ! ወይኑን ባለፈው ሳምንት ራስህ ጨርሰህ ጠርሙሱን ወለል ላይ ጥለኸው ነበር። አጥቤው፣ ትናንት በማለዳ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ፣ ፈተናህን እንድታልፍ ብዬ ጠበል ቀዳሁበት።

[ሕሩይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል]

ሕሩይ፦ ጠበል?

ዘቢደር፦ አምስት ዓመት የቆየ።

ሕሩይ፦ [ድምፁ ወርዶ] ዘቢዬ፣ ወይንና ውሃ አልለይም ማለት ነው እኮ። አሁን ሄጄ ምን ልበላቸው? ፈራሁ። ትንሽ ቀርቷል... ልጠጣው?

ዘቢደር፦ ቁርስህን በልተሃል። [ጠርሙሱን ወደ ፍሪጁ እየመለሰች] ለሚቀጥለው ፈተና ይቀመጥልህ።