የእምዬን የማርማላታ ጠርሙስ ለመክፈት የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ እምዬ ከሆስፒታል በወጡ ማግስት
ቦታ፦ ወጥ ቤት፣ በዕቃ ማጠቢያውና በማቀዝቀዣው መካከል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

የተገኙ፦
አባባ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፦ ሰብሳቢ
እማማ፣ የሰብሳቢው ባለቤት፦ አባል
አጎቴ መካኒኩ፣ የእማማ ታናሽ ወንድም፦ አባል
አክስቴ ነርሷ፣ የእማማ ታናሽ እህት፦ አባል
እኔ፣ የቤቱ ልጅ፦ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ እምዬ፣ የእማማ፣ የአጎቴና የአክስቴ እናት፤ በሩ አጠገብ ትራስ ተደግፈው
ያልተገኘ፦ ወንድሜ፤ “ተኝቻለሁ” ሲል ከመኝታ ቤት ጮክ ብሎ አሳውቋል

ወጥ ቤቱ ከዚህ በላይ ሰው ስለማይችል ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ተቆጥሯል።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ችግሩ

እማማ እንዳስረዱት፣ እምዬ ከታመሙ ወዲህ እህል ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ዛሬ ግን በገዛ አፋቸው “ማርማላታ በዳቦ አማረኝ” ብለዋል። ዳቦ አለ፤ ማርማላታም አለ። ክዳኑ ግን አሻፈረኝ ብሏል። አክስቴ “አምሮቷ ሳያልፍ ቶሎ በሉ!” ሲሉ አሳሰቡ። ሰብሳቢው “በሥርዓት!” ብለው ጠረጴዛውን በማንኪያ መቱ።

አጀንዳ ሁለት፦ ማን ይክፈተው?

ሰብሳቢው ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ ለአንዲት ክዳን እንደማይሰንፍ፣ አማታቸውንም በገዛ እጃቸው ማጉረስ እንደሚፈልጉ ገልጸው ሞከሩ። ፊታቸው ቀይ ሥር መሰለ። ክዳኑ ከአቋሙ ፈቀቅ አላለም። እማማ “አንተ ሰውዬ፣ ደም ሥርህ ይበጠሳል፣ ተው!” ቢሉም ሰብሳቢው “አላልቼዋለሁ፤ የቀረው ትንሽ ነው” የሚል ሪፖርት አቀረቡ።

አጎቴ “ጋሼ፣ ግን ወደ የት ነው የሚያዞሩት?” ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ክብረ ነክ ስለሆነ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ሰብሳቢው አዘዋል። ጸሐፊዋ ሰርዛዋለች።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ ስልት

አክስቴ ጠርሙሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘቅዘቅ አሉ። ተዘቀዘቀ። ክዳኑ ስለጋለ የሚነካው ጠፋ። እማማ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቀው ሞከሩ፤ ጓንቱ ዞረ። አጎቴ “ይሄ ከጎማ ቡሎን አይብስም” ብለው ከመኪናቸው ፒንሳ አመጡ። እማማ ግራሶ የጠጣ ፒንሳ ወጥ ቤታቸው እንደማይገባ አስታወቁ። አጎቴ ግራሶ ንጹሕ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ሞከሩ፤ ሰሚ አላገኙም። ከረጅም ውይይት በኋላ ፒንሳው በሳሙና ታጥቦ እንዲገባ ተወሰነ።

አፈጻጸም፦ ሰብሳቢው ጠርሙሱን በጉልበታቸው መካከል ያዙ። አጎቴ ክዳኑን በፒንሳ ነከሱ። አክስቴ የሰብሳቢውን ወገብ፣ እማማ የአክስቴን ቀሚስ ያዙ። “በሉ!” ተባለ። ክዳኑ ሳይዞር ኮሚቴው በሙሉ ዞረ። በሁለተኛው “በሉ!” ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰብሳቢው ከነጠርሙሱ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ክዳኑ በአጎቴ ፒንሳ ላይ ቀረ። እማማ እልል አሉ።

በደስታው መሐል ከክዳኑ ሥር ሌላ የፎይል ሽፋን መኖሩ ታወቀ። ሽፋኑ ለመጎተቻ የምትሆን ትንሽ ጆሮ ነበረችው። አጎቴ ጎተቷት። ጆሮዋ ብቻዋን መጣች።



በዚህ ጊዜ በበሩ በኩል የሚንተፋተፍ ድምፅ ተሰማ። አክስቴ “እምዬ! ትን አላት!” ብለው ሮጡ፣ የእጃቸውን ትርታ ያዙ፣ ፊታቸውን አዩ፤ ከዚያም ቀስ ብለው “እየሳቀች ነው” ሲሉ ለጉባኤው አሳወቁ። እምዬ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ የሰማ አባል የለም። አጎቴ በድንጋጤ ከጠረጴዛው ላይ ሹካ አንስተው ፎይሉን ወጉት። ማርማላታው ፊጭ ብሎ የሰብሳቢው ግንባር ላይ አረፈ።

እምዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ “ዳቦዬን እሱ ግንባር ላይ አብሱልኝ” አሉ።

ተቃውሞ አልቀረበም። ሰብሳቢው ተንበርክከው ግንባራቸውን አቀረቡ። እምዬ ዳቦውን ራሳቸው አበሱና በሉ። ድገሙኝም አሉ።

ልዩ ልዩ፦

እምዬ ድምፅ ባይኖራቸውም የሚከተለውን ሐሳብ አቀረቡ፦ “አሁን መልሳችሁ ግጠሙት። ጥብቅ አድርጋችሁ። ነገም እንዲህ እየሳቅኩ ልብላ።”

ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ተበተነ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ እስካሁን የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ክዳኑ ባለ በሌለ ኃይል ተመልሶ ይገጠም። ነገ ማንም አባል በቀላሉ እንዳይከፍተው በሙሉ ድምፅ ተከልክሏል።